የአቁማዳው ዋስ

(ቆሰበር፣ መናኸሪያው አጠገብ። ክንዴ የስልክ ሽፋንና ቻርጀር የሚሸጥባት ጠባብ ሱቅ። ክንዴ ከባንኮኒው ኋላ ቆሟል። የሚስቱ የእንቁ ወንድም አየነው፣ ከአዘና በጧት የመጣ ገበሬ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ ዱካ ላይ ተቀምጧል። ስልኩን በሁለት እጁ እንደ ታቦት ይዞታል።)

ክንዴ፦ ይኼ መጨመር አይባልም።

አየነው፦ ጨምሬዋለሁ። ይኸው እይ።

ክንዴ፦ ካርዱን ከስልኩ ጀርባ በላስቲክ አስረኸዋል።

አየነው፦ ሁለት ዙር ነው ያሰርሁት። አይወድቅም።

ክንዴ፦ አየነው፣ እኔ ካርድህን ስልክህ ላይ ጨምር ስልህ...

አየነው፦ ስልኩ ላይ ነው ያለ።

ክንዴ፦ ውስጡ ነው የሚገባው፣ ውስጡ።

አየነው፦ እሱንም ሞክሬዋለሁ። ቀዳዳው ጠባብ ነው።

ክንዴ፦ የቱ ቀዳዳ?

አየነው፦ የቻርጀሩ።

(ክንዴ ስልኩን ይነጥቀዋል። ላስቲኩን ፈትቶ ቀዳዳውን ወደ ብርሃን አዙሮ ያያል፣ እፍ እፍ ይልበታል።)

ክንዴ፦ አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚሉት ላንተ ነው። ቁጭ በልና ስማኝ። እኔ ባንክ ስሠራ...

አየነው፦ ዘበኛ ነበርህ።

ክንዴ፦ ጥበቃ። ጥበቃ የባንክ ሠራተኛ ነው። የዚያ ባንክ ሥራ በሙሉ በዓይኔ ሥር ነው ያለፈው።

አየነው፦ ስድስት ወር።

ክንዴ፦ ስምንት። እና ያን ጊዜ ሰው ካርዱን ስልኩ ላይ ለማስገባት ቅርንጫፍ ድረስ መጥቶ፣ ተሰልፎ፣ ፎርም ሞልቶ፣ ነገ ተመለስ ተብሎ ነበር የሚሄደው። አሁን ያ ሁሉ ቀርቷል። ከዌብሳይቱ ላይ ነው። «ካርድ ወደ አቁማዳ ጨምር» የምትል ቁልፍ አለች። እሷን ትጫናለህ፣ የካርዱን ቁጥር ትሰጣታለህ፣ አለቀ። ከዚያ በኋላ ካርዱን ብትፈልግ ሳጥን ውስጥ ቆልፍበት፣ ስልክህ ራሱ ይከፍላል።

አየነው፦ አቁማዳ ማለት ሜላት ባለፈው ገበያ ስልኬ ላይ የጫነችልኝ ነው?

ክንዴ፦ እሱ ነው። የስልክ ውስጥ የብር ኪስ በለው። ሜላት ማናት?

አየነው፦ የአድማሴ ልጅ። የዳንግላው ኮርቻ ሠሪ።

ክንዴ፦ ኮርቻ ልትገዛ ነው እንዴ?

አየነው፦ የአባቴን።

(ክንዴ እጁ ላይ የያዘውን ሽፋን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጠዋል።)

ክንዴ፦ ያንን ባለ ናሱን?

አየነው፦ እሱን። እናቴ ስትታመም የሸጥሁትን። እጅ ለእጅ ሲዞር ከርሞ አድማሴ ዘንድ ተገኘ። ሦስት ዓመት ሙሉ ፈረሴን ዳማን በጆንያ ነው የምጋልብ። ለበዓል ፈረሰኛው ሲወጣ እኔ ከኋላ ከኋላ ነኝ፤ ጆንያው እንዳይታይ ጋቢ አለብስበታለሁ። ፈረሱ ያፍራል። እኔም አፍራለሁ።

ክንዴ፦ ፈረስ አያፍርም።

አየነው፦ ዳማን አታውቀውም። እንቁም ብትሆን ኮርቻውን ሸጥህ ብላ አንድ ዓመት አላናገረችኝም፤ ረሳኸው? ለፋሲካ እንኳን ቤታችሁ ስመጣ ሰላም የምትለኝ ባንተ በኩል ነበር።

ክንዴ፦ አልረሳሁም። መልእክት ሳመላልስ ወጡ ይቀዘቅዝብኝ ነበር። ታዲያ ተሳፍረህ ዳንግላ ሄደህ አትገዛውም?

አየነው፦ አይደረስማ። ከባሕር ዳር የመጣ ሰው አለ፣ ሆቴል ያለው። ግድግዳ ላይ ሊሰቅለው ይፈልጋል።

ክንዴ፦ ምኑን?

አየነው፦ ኮርቻውን።

ክንዴ፦ ግድግዳ ላይ ማን ሊቀመጥበት?

አየነው፦ እኔም እሱን ነው የጠየቅሁ። ከሥሩ መብራት ያደርጉበታል አሉ። እንግዳ ቢራውን ይዞ ቆሞ ያየዋል አሉ። ክንዴ፣ አባቴ በዚያ ኮርቻ ላይ ሆኖ ነው እኔን ፊቱ አስቀምጦ ያሳደገኝ። ግድግዳ ላይ ከማየው እኔ ራሴ ብሰቀል ይሻለኛል።

ክንዴ፦ እና አድማሴ ምን አለ?

አየነው፦ አድማሴ ደግ ሰው ነው። «ሰውዬው ምሳ ሊበላ ሄዷል፤ በልቶ እስኪመለስ እጠብቅሃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን የእሱ ነው» አለኝ። ከሩቅ ላለ ሰው በአቁማዳ እንጂ በሌላ አይቀበሉም፤ የሽያጩን ነገር ሜላት ናት የያዘች። ምግብ ቤቱ ከሱቃቸው ፊት ለፊት ነው። ሰውዬው ሲበላ ይታያታል፣ እየጻፈችልኝ ነው።

ክንዴ፦ ምን አዘዘ?

አየነው፦ (ስልኩን እያየ) ጥብስ።

ክንዴ፦ ጥብስ ከሆነ ጊዜ አለን። ሽሮ ቢሆን ነበር የሚያስፈራው። አምጣ ስልኩን።

(ክንዴ ስልኩን ባንኮኒው ላይ አስተኝቶ ገጹን ይከፍታል። እጅጌውን ይሰበስባል።)

ክንዴ፦ ይኸው። ካርዱን ከካሜራው ፊት አድርግ ይላል።

(አየነው ይነሳል። ጋቢውን ያስተካክላል፣ ጺሙን በእጁ ያሻሻል፣ አገጩን ቀና አድርጎ ካሜራውን ያያል።)

ክንዴ፦ ምን እያደረግክ ነው?

አየነው፦ አንሣኝ።

ክንዴ፦ ካርዱን ነው እንጂ አንተን አይደለም የሚያነሳው።

አየነው፦ ባለቤቱ ሳይታይ? እኔ በሬ ስሸጥ እንኳ ገዢው የበሬውን ጥርስ ካየ በኋላ የእኔን ፊት ያያል።

ክንዴ፦ ካርድ ጥርስ የለውም። አምጣው። ይኼ ካርድ ምን ሆኖ ነው? ቁጥሩ ተፍቋል እኮ። ካሜራው ሊያነበው አልቻለም።

አየነው፦ የዳማን ኮቴ አጸዳሁበት።

ክንዴ፦ በባንክ ካርድ?

አየነው፦ በደንብ ይገባል። ጠርዙ ጎበዝ ነው። ጭቃ አያስቀርም።

ክንዴ፦ ሌላ ሰው በዚህ ብር ያወጣል፣ አንተ ጭቃ ታወጣለህ። እሺ፣ በእጅ ይጻፋል። ትንሽ ትንሽ ይታያል። አራት... ሰባት... ይኼ ሦስት ነው ስምንት?

አየነው፦ ስምንት ነው። እግሩን ነው ያጣ።

(ክንዴ ቁጥሩን እያጉተመተመ ይጽፋል።)

ክንዴ፦ አሁን ከጀርባው ያሉት ሦስት ቁጥሮች። እነዚህ ምስጢር ናቸው። ለማንም አይነገሩም። ለወንድምህም፣ ለሚስትህም፣ ለነፍስ አባትህም። ገባህ?

አየነው፦ ገባኝ።

ክንዴ፦ በል ንገረኝ።

አየነው፦ አልነግርህም።

ክንዴ፦ ለእኔ ነው እኮ።

አየነው፦ ለማንም ብለሃል። አንተ ከነፍስ አባቴ ትበልጣለህ?

(አየነው ስልኩን ወስዶ ራሱን በጋቢው ይሸፍናል። ከጋቢው ሥር የሚያቃስት ድምፅ ይሰማል። ላቡን እየጠረገ ይወጣል።)

አየነው፦ ጻፍሁ። ሜላት ደግሞ ጽፋለች። ሁለተኛ እንጀራ አስጨመረ።

ክንዴ፦ ጎሽ። የሚበላ ሰው ይመስገን። አሁን የቀረው ቀን ነው። ካርዱ የሚያበቃበት ቀን። ምን ይላል?

አየነው፦ አሥራ አንድ፣ ጭረት፣ ሃያ ስምንት።

ክንዴ፦ እህ። እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚወድቀው። ይኼ የፈረንጅ ነው።

አየነው፦ ካርዱ?

ክንዴ፦ ቀኑ። ፈረንጅ በራሱ ዘመን ጻፈው። ገጹ ደግሞ ምንድን ነው? አማርኛ ነው። አማርኛ ገጽ ላይ የፈረንጅ ቀን ታስገባለህ? አታስገባም። ወደ እኛ ትመልሰዋለህ።

አየነው፦ እንዳለ ቢጻፍስ? ካርዱ ላይ ያለው እሱ ነው።

ክንዴ፦ ልደትህን ስትጠየቅ በፈረንጅ ነው የምትናገረው?

አየነው፦ በእኛም አላውቀው።

ክንዴ፦ ስለዚህ ዝም በል። አሥራ አንደኛው የፈረንጅ ወር የእኛ ኅዳር ነው። ኅዳር ከመስከረም ስትቆጥር ስንተኛ ነው? ሦስተኛ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ደግሞ ከዓመተ ምሕረቱ ሰባት ነው የሚቀነሰው። ሌላው ስምንት ይቀንሳል፣ እኔ ግን አውቃለሁ። ከሃያ ስምንት ሰባት ሲቀነስ ሃያ አንድ። ሦስት፣ ጭረት፣ ሃያ አንድ። አሁን ስንት ዓመት ነው?

አየነው፦ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት።

ክንዴ፦ ካርድህ እስከ ሁለት ሺህ ሃያ አንድ ኅዳር ድረስ ይሠራል ማለት ነው። ሦስት ዓመት አለህ። አየህ ሂሳብ?

አየነው፦ ወይ ጉድ። ወደ ሀገሩ መለስኸው።

ክንዴ፦ (ቁልፉን ይጫናል) ይኸው ገባ።

አየነው፦ ቀይ ጽሑፍ ወጣ።

ክንዴ፦ ቀይ ነገር ኔትወርክ ነው።

አየነው፦ (ፊደል በፊደል) «የ-ካ-ር-ድ-ዎ... የ-አ-ገ-ል-ግ-ሎ-ት... ጊ-ዜ...»

ክንዴ፦ ጊዜማ የለንም። አንተ ስታነብ ሰውዬው ምሳውን ጨርሶ እራቱን ይበላል። እንደገና እጫነዋለሁ።

አየነው፦ ቀዩ አልሄደም።

ክንዴ፦ ለሦስተኛ ጊዜ ጫንኩት። ኔትወርክ እስኪነቃ ነው የሚደበደበው። ይኸው፣ ሰማያዊ ቁልፍ መጣ። «ቀጥል» ይላል። ቀጥል ካለ ምን ማለት ነው?

አየነው፦ ከሰማያዊው በላይ ሌላ ቀይ አለ። «ለ-ሦ-ስ-ተ-ኛ... ጊ-ዜ... የ-ተ-ሳ-ሳ-ተ...»

ክንዴ፦ ቀጥል ካለ፣ ቀጥል ነው። (ይጫናል) ባንክ ቤት የሚያነብ ሰው አይተህ ታውቃለህ? ወረቀቱን ይሰጡታል፣ ይፈርማል፣ ይሄዳል።

(መስኮቱ ላይ ደንበኛ ትቆማለች። ክንዴ ወደ እሷ ዞር ይላል።)

ክንዴ፦ አቤት እህቴ። ለየትኛው ስልክ ነው? ኧረ አለ፣ አበባ ያለበትም አለ።

(አየነው ነጻ ሆኖ ስልኩ ላይ ይደፋል። በጣቱ እየተከተለ እስከ መጨረሻው ያነባል። ቀና ሲል ፊቱ ገርጥቷል።)

አየነው፦ ክንዴ። ዋስ አምጣ እያለ ነው።

ክንዴ፦ የምን ዋስ?

አየነው፦ «መጠባበቂያ ካርድ ያስገቡ። የመጀመሪያው ካርድ ካልሠራ ክፍያው ከዚህኛው ይወሰዳል» ነው የሚል። አንዱ ካልከፈለ ሌላው ይከፍላል። ይኼ ዋስ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ክንዴ፦ (ለደንበኛዋ ሽፋን እያወረደ) እሱ ለፎርማሊቲ ነው።

አየነው፦ ለፎርማሊቲ ማለት?

ክንዴ፦ ይጠየቃል፣ ይሞላል፣ ማንም አይነካውም።

አየነው፦ ይወሰዳል ይላል እኮ።

ክንዴ፦ ይላል እንጂ አይወስድም። የመጀመሪያው ካርድህ ገብቷል፤ ምን ሲሆን ሁለተኛውን ይነካል?

አየነው፦ የእኛ ጎረቤት ነጋም እንዲህ ተብሎ ነው ዋስ የሆነ። በሬው ከበረቱ ወጥቶ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ።

ክንዴ፦ ያ ገጠር ነው። ይኼ ዲጂታል ነው። ዲጂታል ውስጥ በሬ የለም።

አየነው፦ እኔ እንግዲህ ሌላ ካርድ የለኝም። (ይነሳል፣ ጋቢውን ይሰበስባል) ዋስ የሌለው ሰው ምን ያደርጋል። ሄደ ኮርቻው። ለዳማ ምን ብዬ እንደምነግረው እንጃ።

ክንዴ፦ ቁጭ በል። ለዳማ ምንም አትነግረውም። (ከኪሱ ካርዱን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ያኖራል) የእኔን አስገባ።

አየነው፦ ያንተን? የቆርቆሮው ብር እሱ ላይ አይደለም እንዴ ያለ? እንቁ ለጣሪያው ያጠራቀመችው?

ክንዴ፦ ይኑርበት። አይነካም አልኩህ።

አየነው፦ አባቴ ዋስ ሦስት ጊዜ ይጠየቅ ይል ነበር። ዋስ ትሆነኛለህ?

ክንዴ፦ እሆንሃለሁ።

አየነው፦ አስበህበት ነው? ዋስ ትሆነኛለህ?

ክንዴ፦ እሆንሃለሁ አልኩ። እህቴ፣ ይኼ መቶ ሃምሳ ነው።

አየነው፦ ለመጨረሻ ነው የምጠይቅህ። ደንበኛዋም ትስማ። ዋስ ትሆነኛለህ?

ክንዴ፦ አዎ፣ አዎ፣ አዎ። ሰማሽ እህቴ? ዋሱ እኔ ነኝ። አሁን ጻፍ፣ እኔ እጄ ተይዟል። መቶ ሠላሳ አልችልም እህቴ፣ መግዣዬ ነው።

(ክንዴ ከደንበኛዋ ጋር ይከራከራል። አየነው የክንዴን ካርድ ስልኩ አጠገብ አስጠግቶ እያንዳንዱን ቁጥር ሁለት ሁለቴ እያየ ይጽፋል።)

አየነው፦ (ለራሱ) አምስት... ዜሮ... ዜሮ... ቀኑ ስድስት፣ ጭረት፣ ሃያ ሰባት... ከጀርባው ደግሞ... (ካርዱን ገልብጦ፣ ዓይኑን ጨፍኖ) ክንዴ፣ ከጀርባው ያለው ምስጢር ነው። ልየው ወይስ አልየው?

ክንዴ፦ እይና እርሳው።

አየነው፦ አይቼ ጻፍሁ። ረሳሁ።

(የክንዴ ስልክ ድምፅ ያሰማል።)

ክንዴ፦ አሁን እዚህ ላይ አስተውል። ይኼ የማረጋገጫ ቁጥር ነው። ካርዱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ለባለቤቱ ይላካል። ያንተ ያልመጣው በኔትወርኩ ነው። በዚህች ቁጥር ነው ሌባ ሰውን የሚዘርፈው። አንድ ሰው ደውሎ ቁጥሩን ንገረኝ ቢልህ ምን ትላለህ?

አየነው፦ አልነግርህም።

ክንዴ፦ ጎበዝ። ለምሳሌ እኔ አሁን የመጣልኝ አራት፣ ሰባት፣ ሁለት፣ ስምንት፣ ዜሮ፣ አንድ ነው። ይኼን ቁጥር በሕይወቴ ለማንም አልናገርም።

አየነው፦ (እየጻፈ) ዜሮ... አንድ። አረንጓዴ መጣ።

ክንዴ፦ አላልኩህም? አረንጓዴ ሲመጣ ሁሉም ገባ ማለት ነው። መቶ አርባ እሺ እህቴ፣ ውሰጂው። ለገበያ መክፈቻ ነው።

(ደንበኛዋ ሄዳለች። የአየነው ስልክ ይንጫጫል።)

አየነው፦ ሜላት ናት። ጥብሱ አለቀ። ስቴኪኒ እየጠየቀ ነው።

ክንዴ፦ ጥርሱን ይጎርጉር። ቶሎ በል፣ የሚከፈልበትን ክፈት።

አየነው፦ የትኛውን?

ክንዴ፦ «ክፈል» የሚለውን። የአድማሴ ሱቅ፣ ኮርቻ፣ አሥራ ሁለት ሺህ ብር። ሁሉም ተሞልቷል። አንድ ጣት ነው የቀረህ።

አየነው፦ ሂሳቡን ከፈለ አለች። መልስ አነሰኝ ብሎ ከአስተናጋጇ ጋር እየተነጋገረ ነው።

ክንዴ፦ እግዜር ይስጣት ያቺን አስተናጋጅ። ጫን።

አየነው፦ አንተ ጫንልኝ።

ክንዴ፦ የአባትህ ኮርቻ ነው፣ ራስህ ጫን።

አየነው፦ በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ። (ይጫናል)

(ሁለቱም ስልኩ ላይ ይደፋሉ። ግንባራቸው ይጋጫል። አንዱም አያሻሸውም።)

ክንዴ፦ ይሽከረከራል።

አየነው፦ ሰውዬው ተነስቷል አለች።

ክንዴ፦ ይሽከረከራል።

አየነው፦ አስፋልቱን እየተሻገረ ነው። ጋሪ አስቆመው። ሌላ ጋሪ መጣ።

ክንዴ፦ የዳንግላ ጋሪ ይባረክ። ይኸው! «ክፍያዎ ተሳክቷል»!

(የአየነው ስልክ ይጠራል። ጆሮው ላይ ይለጥፈዋል።)

አየነው፦ ሃሎ ሜላት... ደረሰሽ?... አባትሽ የት አለ?... ምኑ ላይ?... (ወደ ክንዴ) አድማሴ ኮርቻው ላይ ተቀምጦበታል፣ ሰውዬው እንዳያነሳው። (ወደ ስልኩ) አትነሳ በይው። እኔ እስክመጣ እዚያው ይቀመጥ። እግዜር ይስጥሽ ልጄ።

(ስልኩን ይዘጋል። ዱካው ላይ ቁጭ ይላል። በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ይጠርጋል።)

ክንዴ፦ ምነው?

አየነው፦ ደስ አለኝ። ሌላ አይደለም፣ ደስ አለኝ። እሑድ ከፈረሰኛው ፊት ነው የምወጣ። ዳማ ያንን ናስ ሲያንኳኳ ይሰማኛል።

ክንዴ፦ እና ማን አስገባልህ?

አየነው፦ አንተ።

ክንዴ፦ ማን ቀኑን መለሰልህ?

አየነው፦ አንተ።

ክንዴ፦ ዘበኛ እያልክ ስታሾፍ ነበር። ስምንት ወር ዝም ብዬ አልቆምኩም እኮ።

(የክንዴ ስልክ ድምፅ ያሰማል።)

ክንዴ፦ ማስታወቂያ ነው። አንብብልኝ እስቲ፣ ማንበብ ትወድ የለ። አሁን ጊዜ አለን።

አየነው፦ (ስልኩን ከዓይኑ እያራቀ) «ው-ድ... ደ-ን-በ-ኛ-ች-ን... ክ-ን-ዴ...»

ክንዴ፦ ውድ ነኝ። ሰምተሃል?

አየነው፦ «ከ-ሂ-ሳ-ብ-ዎ... አሥራ ሁለት... ሺህ... ብር...»

ክንዴ፦ ገባ?

አየነው፦ «ወ-ጪ... ሆኗል።»

(ውጪ ረዳቱ ባሕር ዳር፣ ባሕር ዳር ይላል።)

ክንዴ፦ ከማን ሂሳብ?

አየነው፦ «ውድ ደንበኛችን ክንዴ» ነው የሚል። ሌላ ውድ ክንዴ ታውቃለህ?

ክንዴ፦ አይሆንም። ያንተ ካርድ ገብቷል እኮ። አምጣ ስልክህን። ያ ቀይ ነገር የት አለ? ምን ነበር የሚለው?

አየነው፦ ላንብበው?

ክንዴ፦ አንብበው።

አየነው፦ እስከ መጨረሻው?

ክንዴ፦ አየነው፣ በእንቁ ሞት፣ አንብበው።

አየነው፦ «የካርድዎ የአገልግሎት ጊዜ አልፏል። እባክዎ ቀኑን ካርዱ ላይ እንደተጻፈው ያስገቡ።» እንደተጻፈው ይላል። አንተ መለስኸው።

ክንዴ፦ ሁለተኛውስ?

አየነው፦ «ለሦስተኛ ጊዜ የተሳሳተ ቀን ስላስገቡ ይህ ካርድ እስከ ነገ ታግዷል። ለመቀጠል መጠባበቂያ ካርድ ያስገቡ።» ከዚያ ነው እንግዲህ ያ ዋስ የመጣ።

ክንዴ፦ የእኔንስ? የእኔን ቀን ማን መለሰው?

አየነው፦ ማንም። እኔ መመለስ የት እችላለሁ? ሰባት ነው የሚቀነስ፣ ስምንት ነው የሚቀነስ፣ አላውቅ። ካርዱ ላይ ስድስት፣ ጭረት፣ ሃያ ሰባት ይላል። ስድስት፣ ጭረት፣ ሃያ ሰባት ጻፍሁ።

ክንዴ፦ ምነው አንተም አንዴ እንኳ በተሳሳትክ።

አየነው፦ የማያውቅ ሰው በምን ይሳሳታል? ያየውን ነው የሚጽፍ። ቅድም ስለ ንፍጥ ምን ነበር ያልኸኝ?

(ክንዴ ሳያስበው ጉንጩን በእጅጌው ይጠርጋል።)

ክንዴ፦ ብሬን መልስልኝ።

አየነው፦ እመልሳለሁ፣ ምን ጥያቄ አለው። የአባቴን ኮርቻ በሰው ብር እጋልባለሁ እንዴ? አሁኑኑ ውሰድ። (ስልኩን ይነካካል) ካርዱ ታግዷል። እስከ ነገ።

ክንዴ፦ ባንክ ሄደህ በደብተር አውጣ።

አየነው፦ ደብተሬ አዘና ነው። ሄጄ እስክመለስ ባንኩ ይዘጋል። ነገ ይኼን ጊዜ ብርህ እጅህ ላይ ነው። ዋሴ አይደለህ? አላሳፍርህም።

ክንዴ፦ ነገ ምን ያደርግልኛል? እንቁ አሁን ቆርቆሮ ተራ ነው ያለችው። መርጬ ስጨርስ እደውላለሁ፣ ከስልክህ ትከፍላለህ ብላኛለች።

(የክንዴ ስልክ ይጠራል። ክንዴ ስልኩን አይቶ ወደ ኋላ ያፈገፍጋል።)

አየነው፦ እንቁ ናት።

ክንዴ፦ አውቃለሁ።

አየነው፦ አንሣው እንጂ።

ክንዴ፦ አንተ አንሣው። እህትህ አይደለች? ታሟል በላት። ኔትወርክ የለም በላት።

አየነው፦ ኔትወርክ የለም ብዬ በስልክ ልንገራት?

(አየነው ስልኩን ያነሳል። ክንዴ ባንኮኒው ሥር ይቀመጣል፣ አናቱ ብቻ ይታያል።)

አየነው፦ ሃሎ እንቁ... አለ፣ እዚህ ነው... ከታች ነው ያለ... ጫኑት ቆርቆሮውን?... እኮ ብሩማ... ስሚ፣ ልንገርሽ። የአባታችን ኮርቻ ተገኘ... ዳንግላ... አዎ፣ ባለ ናሱ። ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ሲሉ ደረስን... ክንዴ ነው የከፈለ... የምን ሌላ ክንዴ፣ ያንቺው ክንዴ... ከቆርቆሮው ብር ነዋ... እኔ ነገ እመልሳለሁ... እንቁ?... እንቁዬ፣ አይዞሽ... እሺ... እሺ... ምን አለ ነጋዴው?... እሺ እነግረዋለሁ።

(ስልኩን ባንኮኒው ላይ ያኖራል።)

ክንዴ፦ (ሳይነሳ) ምን አለች?

አየነው፦ አለቀሰች።

ክንዴ፦ ለቆርቆሮው?

አየነው፦ ለኮርቻው። «ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስኖር ይኼን ሰውዬ አላውቀውም ነበር» አለች። ስምህን ስትጠራ ድምፅዋ ተቆራረጠ።

(ክንዴ ቀስ ብሎ ከባንኮኒው ሥር ይነሳል። የሸሚዙን ኮሌታ ያስተካክላል።)

ክንዴ፦ እንዲህ አለች?

አየነው፦ «ዛሬ ማታ ዶሮ እሠራለታለሁ» አለች።

ክንዴ፦ እንግዲህ ሰው ለሰው ካልሆነ ምን ዋጋ አለው። እኔ ያኔም ሳስበው የእንቁ አባት ኮርቻ ከሚሰቀል... ቆርቆሮውስ?

አየነው፦ ቆርቆሮውም ተጭኗል፣ እየመጣ ነው። ነጋዴው እስከ ነገ በዱቤ ውሰጂ ብሏታል። ዋስ ጥሪ ሲላት ጠራች።

ክንዴ፦ ማንን?

አየነው፦ አንተን ነዋ። (ጋቢውን እያጣፋ ወደ በሩ ይሄዳል) አይዞህ፣ ለፎርማሊቲ ነው።